መዝገባችንን መልሱልን፦ ስለ «ምርጥ 100 መጻሕፍት» ለቤተ መጻሕፍታችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለቤተ መጻሕፍታችን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ ስለተነሣው የአንባቢያን መዝገብና በምትኩ ስለተለጠፈው ዝርዝር

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን። እኛ በዚህ ቤተ መጻሕፍት የምንሰበሰብ የንባብ ክበብ አባላት ነን። በቅርቡ ያሳለፋችሁት አንድ ውሳኔ አስከፍቶናል። ክበባችን ውስጥ የሌሉ፣ ግን በየቀኑ እዚህ እየመጡ የሚያነቡ ሰዎችንም አስከፍቷል። በቃል ስንጠይቅ «ከበላይ የመጣ ነው» ተባልን። በጽሑፍ ስንጠይቅ መልስ ጠፋ። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሚያየው መንገድ ልንጽፍላችሁ ወሰንን።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እናስረዳ። በንባብ አዳራሹ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ ነበር። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ገጹ የተሰመረ፣ እስክሪብቶው በሲባጎ የታሰረ። የፈለገ ሰው ይከፍተውና እስከ ዛሬ ካነበበው ሁሉ አብልጦ የሚወደውን አንድ መጽሐፍ ይጽፋል። ከሥሩ ለምን እንደወደደው ሁለት ሦስት መስመር ያክላል። ስም መጻፍ ግዴታ አልነበረም። ከመዝገቡ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ነበር። በመዝገቡ ከተጻፉት መጻሕፍት ቤቱ ያለውን ላይብረሪያኖቹ እያወጡ እዚያ ይደረድሩታል። ሰው ምክንያቱን ያነብና እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ያነሣል።

አሁን መዝገቡ የለም። ዕቃ ክፍል ገብቷል ተብለናል። መደርደሪያው ላይ «የምንጊዜም ምርጥ 100 መጻሕፍት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዝርዝሩ የተሠራው በኦንላይን ድምፅ ነው። አንድ ኮሚቴ 300 ርእሶች አዘጋጀ። አንባቢ ከነዚያ አንዱን ጠቅ አደረገ። ድምፁ ተቆጠረ። ከ1 እስከ 100 ደረጃ ወጣ። በቃ።

ዝርዝር ለምን ወጣ ብለን አይደለም የምንከራከረው። የመጽሐፍ ዝርዝር የማይወድ አንባቢ አላየንም። ሁለት አንባቢ ከተገናኘ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው «እስከ ዛሬ ካነበብከው የቱ ይበልጥብሃል?» ነው። የከነከነን ሌላ ነው። ሰው የወደደውን መጽሐፍ በራሱ ቃል የሚናገርበት ቦታ ተነሥቶ፣ በቦታው ቁጥር መቀመጡ ነው። ቅሬታችንን በዝርዝር እነሆ።

አንደኛ፣ ምክንያቱ ጠፋ።

መዝገቡን ያገላበጠ ሰው ትዝ የሚለው የመጻሕፍቱ ርእስ አይደለም። ከርእሱ ሥር ያለው ነው። አንድ ገጽ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ የጻፈው ነበር። መጽሐፉን ያነበበው እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም ነው። ሌሊት ሌሊት፣ ከኮሪደሩ በሚገባው መብራት። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ሐኪሞቹ ጠሩት፤ አቋረጠው። ከዚያ ወዲህ ያን ምዕራፍ ከፍቶ ለመጨረስ አንጀቱ እንቢ አለው። መጽሐፉን ግን ከሁሉ አብልጦ ይወደዋል። ከሥሩ ሌላ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጨርሰው ግድ የለህም፤ ደግ ነገር ነው የሚጠብቅህ» ብሎ ጻፈለት። ከጊዜ በኋላ፣ ከዚያው ሥር፣ በእርሳስ አንድ ቃል ተጨመረ። «ጨረስኩት።»

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ስንት ሰው እንደጠየቀው የውሰት መስኮቱ ላይ የሚቀመጡትን ጠይቋቸው። ወረፋ ተይዞበታል። ደራሲው ዝነኛ አይደለም። ማስታወቂያም አልተሠራለትም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ ስለተነጋገሩ ነው።

ያ መጽሐፍ በእናንተ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቢኖርም ከጎኑ የሚነበበው «64ኛ» ነው። 64ኛ የወጣ መጽሐፍ ለማንበብ ማን ይጓጓል?

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣና ፍናክ የተባለው መደብር ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት አንባቢያንን ጠይቀው ነበር። «ምርጡ መጽሐፍ የቱ ነው?» አላሉም። «በአእምሯችሁ የቀሩት የትኞቹ ናቸው?» ነው ያሉት። ወደ 17 ሺሕ ሰው መለሰ። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። «ምርጡ የቱ ነው?» ሲባል ሰው ይጠነቀቃል። የተማረ የሚያስመስለውን ይመርጣል። ግማሽ ድረስ አንብቦ የተወውን ወፍራም መጽሐፍ ስም ይጠራል። «የቱ ቀረብህ?» ስትሉት ግን ትንሽ ያስብና እውነቱን ያወጣዋል። የእኛ መዝገብ ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምር ነበር። ለምን ቀረብህ ይል ነበር።

የእናንተ ቅጽ ምን ይላል? «ምርጥዎን ይምረጡ።» ከሥሩ «አስገባ» የሚል ቁልፍ። ሌላ ምንም የለም።

ሁለተኛ፣ ከኛ በፊት ሌላ ሰው መርጦልናል።

ቅጹን የከፈተ ሰው 300 ርእሶች ተደርድረው ያገኛል። የሚወደው መጽሐፍ እዚያ ከሌለ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ የለም። «ሌላ» የሚል ምርጫ እንኳ የለም። እውነት ለመናገር ለሞንድም በዚህ አይታማም ማለት አይቻልም። መጻሕፍት ሻጮችና ጋዜጠኞች 200 ርእሶች ካዘጋጁ በኋላ ነው ለአንባቢ የቀረበው። ውጤቱ በጣም ወደ ፈረንሳይኛ መጻሕፍት አጋደለ። አይገርምም። ሰው የሚመርጠው ከቀረበለት ነው።

አንድ አባላችን የማታ ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ጊዜ ታትሞ የቀረ የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ማስታወሻ ነው። ከመጽሐፉ ረጃጅም አንቀጾች በቃሉ ይወጣል። ማዕበል የመታቸው ሌሊት ሠራተኛው ድስቶቹን በገመድ እያሰረ መርከቡን ሲሳደብ የሚያሳየውን ክፍል ሲነግረን አዳራሹ ውስጥ እንደምንስቅ ታውቃላችሁ፤ ዝም በሉ ተብለናል። ይህ ሰው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ፈለገ። የለም። ዘጋው። እናንተ ጋ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ሆኖ ተቆጠረ።

ሌላዋ አባላችን ሐኪም ናት። የምትወደው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ኮሚቴው የወንጀልም የፍቅርም ልብ ወለድ አላስገባም። ስትጠይቅ «ከእርስዎ ይህ አይጠበቅም» ተባለች። ከርሷ ምን እንደሚጠበቅ ማን ነው የወሰነው? ሃያ አራት ሰዓት ሠርታ የምትመጣ ሰው ዓይኗን ገልጣ እንድታነብ የሚያደርጋት መጽሐፍ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

ሦስተኛዋ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የልጆች መጽሐፍ መረጠች። ለርሷ የተሰጠው መልስ ደግሞ «የልጆች መጽሐፍ ከምርጦች ጋር አይወዳደርም» የሚል ነው። ይህን ያለው ሰው የሌሎችን ዝርዝር ያየ አይመስለንም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2003 የብሪታንያን አንባቢ ተወዳጅ ልብ ወለዱን አስመርጦ ነበር። ወደ ሦስት አራተኛ ሚሊዮን ድምፅ ተሰጠ። አንደኛ የወጣው የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ነው። ሰባተኛ ማን ወጣ? ዊኒ ዘ ፑህ፣ ማር ወዳዱ ድብ። የኦርዌልን «1984» በአንድ ደረጃ ቀድሞት ነው። በለሞንድም ዝርዝር «ትንሹ ልዑል» አራተኛ ነው። ሰው መጀመሪያ የወደደውን መጽሐፍ ሲያረጅም አይረሳም። ልጅቷ የተናገረችው አብዛኛው ትልቅ ሰው የሚያፍርበትን እውነት ነው።

ኮሚቴው የፈራው ነገር እንዳለ ይገባናል። ያለ ምክንያትም አልፈራም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሞደርን ላይብረሪ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ የ20ኛው ክፍለ ዘመን 100 ምርጥ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶችን ሁለት ጊዜ አወጣ። አንዱን የራሱ ዳኞች መረጡ። ሌላውን አንባቢ በኢንተርኔት መረጠ። የዳኞቹ አንደኛ የጄምስ ጆይስ «ዩሊሲስ» ሆነ። የአንባቢዎቹ አንደኛ የአየን ራንድ «አትላስ ሽረግድ»። እሱስ ይሁን። ነገር ግን በአንባቢዎቹ ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ አሥር መጻሕፍት ሰባቱ የሁለት ደራሲያን ብቻ ሆኑ። አራቱ የራንድ፣ ሦስቱ የሮን ሃባርድ። ሁለቱም ቆራጥ ተከታይ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ደጋፊ ተጠራርቶ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ እንዲህ ይሆናል።

ታዲያ መድኃኒቱ አንባቢውን በ300 ርእስ ማጠር ነው? መድኃኒቱ በእጃችሁ ነበር። ምክንያት ማስጻፍ። አንድ ርእስ መቶ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ቀላል ነው። ለአንድ መጽሐፍ መቶ የተለያየ ምክንያት መጻፍ ግን ያለፋል። በመዝገባችን ላይ የሞከረው አንድ ደራሲ ነበር። የራሱን መጽሐፍ በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አስመዘገበ። ሦስቱም ላይ ያው አንድ ቃል ተሳስቶ ስለተጻፈ ወዲያው ተነቃበት። ከሥሩ ሰው የጻፈለትን እዚህ አንደግመውም።

ሦስተኛ፣ ከዝርዝሩ የቀረው መጽሐፍ ከመደርደሪያም እየወረደ ነው።

በጣም ያስቆጣን ይሄ ነው። ቀስ ብለን እናስረዳ።

መጻሕፍትን እያጠሩ ማስወገድ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት ያለ ሥራ ነው። ቦታ ውስን ነው። ዘመን ያለፈበት የሕክምና መጽሐፍ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ይነሣ። ሻጋታ የበላው፣ ገጹ የረገፈ፣ ማንም የማይነካው ትርፍ ቅጂ ይነሣ። በዚህ ጭቅጭቅ የለንም። አሁን የያዛችሁት መመዘኛ ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። በምርጥ 100 ውስጥ አለ? ባለፉት ሁለት ዓመታት ተውሷል? ሁለቱም «የለም» ከሆነ መጽሐፉ ካርቶን ውስጥ ይገባል።

አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አለ። ዳግም አልታተመም። ቤቱ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ የመጀመሪያ ገጹ ላይ «አይወጣም» የሚል ቀይ ማህተም አለበት። እዚሁ ቁጭ ተብሎ ነው የሚነበበው። የማጣራቱ ሥራ ሲመጣ አንድ ሠራተኛ መጽሐፉን ከኋላ ገለጠው። የመመለሻ ቀን የሚመታበት ወረቀት ባዶ ነው። አንድም ማህተም የለውም። ስለዚህ «ተዋሽ የሌለው» ተብሎ ተመዘገበና ካርቶን ገባ።

እንዴት ብሎ ይዋሰው? እንዳይወጣ የከለከላችሁት እናንተ ናችሁ!

ሠራተኛው ከኋላ ከመግለጥ ይልቅ ከጎን ቢያየው ኖሮ ይበቃ ነበር። የገጾቹ ጠርዝ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። ጀርባው ሁለት ጊዜ በፕላስተር ተጠግኗል። አራተኛው ታሪክ ላይ መጽሐፉ በራሱ ይከፈታል፤ ሁሉም ሰው እዚያ ስለሚቆም። በመዝገቡ ውስጥ ደግሞ ደጋግመው ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱ ነው፤ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ዓመት። መዝገቡ ከቦታው ባይነሣ ኖሮ ይህን ማንም ገልጦ ያየው ነበር። መጽሐፉ በኋላ ከካርቶኑ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው እናውቃለን፤ አንናገርም። ሌሎቹ ካርቶኖች ውስጥ ምን እንዳለ ግን አናውቅም።

ውሰት ንባብን አይለካም። ቤቱ ጠቦት፣ ልጅ እየረበሸው፣ መብራት አጥሮት እዚህ መጥቶ የሚያነብ ሰው መጽሐፍ አይዋስም። ካርድ የሌለው ሰው አይዋስም። የእናንተ ኮምፒውተር እነዚህን ሰዎች ፈጽሞ አያውቃቸውም።

ሁለት ዓመት ደግሞ ለመጽሐፍ ምን አላት? የሄርማን ሜልቪል «ሞቢ ዲክ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ብዙም አልተሸጠም። ደራሲው በ1891 ሲሞት የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር። ስሙ እንደገና የተነሣው በ1920ዎቹ ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የእናንተ መመዘኛ በየቤተ መጻሕፍቱ ቢሠራበት ኖሮ የ1920ዎቹ አንባቢ ከየት ያገኘው ነበር? መጽሐፉ የጠበቃቸው አንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ስለተወው ነው።

ሙያው የእናንተ ነውና ራንጋናታንን እኛ ልናስተዋውቃችሁ አንችልም። ህንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች ሁለቱ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንባቢው የሚሉ ናቸው። «ለሁሉም አንባቢ ያው መቶ መጽሐፍ» የሚል ሕግ ከአምስቱ ውስጥ የለም።

አራተኛ፣ ድምፅ ያልደረሳቸው ሰዎች አሉ።

ምርጫው የተካሄደው በስልክና በኮምፒውተር ብቻ ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው አንድ አዛውንት አባላችን አልመረጡም። ሊንኩን በቴሌግራም ነበር የላካችሁት። እሳቸው ቴሌግራም ምን እንደሆነ ከመስማት በቀር አያውቁትም። በየሳምንቱ ሁለት መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው እንዲህ ተዘለለ።

ዓይነ ስውር አባላችን ቅጹን ስልኩ እንዲያነብለት ሞከረ። ዝርዝሩ እንደ ፎቶ ስለተለጠፈ ስልኩ የሚያነበው አጣ። ደውሎ ሲያስረዳ ሌላ ነገር ሰማ። የሚወደውን መጽሐፍ በድምፅ የሰማው ስለሆነ «አንብቧል አይባልም» ተባለ። ይህን የተናገሩት እዚህ ቤት የሚሠሩ ሰው መሆናቸው ይገርማል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የተከታተለውን ሰው ሁሉ መጽሐፉን አያውቀውም ልንለው ነው? ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በብሬይልና በድምፅ እንዲያገኙ መንገድ የከፈተው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዓለም በጆሮ ማንበብን ንባብ ብሎ ከተቀበለ ቆይቷል።

መዝገቡ በነበረበት ጊዜ ይህ አባላችን አጠገቡ ላለ ለማንኛውም ሰው ይነግራል፤ ሰውየው ይጽፍለታል። የመጨረሻውን ያስጻፈው ለማያውቀው ተማሪ ነበር። ተማሪው ጽፎ ሲጨርስ ያን መጽሐፍ ይዞ ሄደ።

አምስተኛ፣ ደረጃው።

ይህን ባጭሩ እንለፈው። መጻሕፍትን ከ1 እስከ 100 መደርደር ጨዋታ ነው። ጨዋታ ሆኖ ሲቀር ደስ ይላል። የቤቱ አቋም ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ሌላ ነው። ባለፈው አንድ አባት ልጁን አምጥቶ «ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን ጨርስና ትመጣለህ» ሲለው ሰምተናል። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ስለ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ ነው። መልሶ አስቀመጠው።

የኖርዌይ የመጻሕፍት ክበቦች እ.ኤ.አ. በ2002 ከ54 አገሮች የመጡ 100 ደራሲያንን እያንዳንዳቸው አሥር አሥር መጻሕፍት እንዲመርጡ ጠይቀው ነበር። ከዚያም 100 መጻሕፍት ታወቁ። ብዙ ድምፅ ያገኘው የሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» መሆኑን ገለጹ። የቀሩትን ዘጠና ዘጠኙን ግን ደረጃ ሳይሰጡ ተዉአቸው። መቶ ደራሲ ሰብስበው ያልደፈሩትን እኛ በጠቅታ ደፈርን።

እናንተም የምትሉት ይኖራል። መዝገቡ ቆሽሿል፣ ሰው ሥዕል ይሥልበታል፣ ስድብም ተገኝቶበታል፣ የእጅ ጽሑፉ አይነበብም ብላችኋል። እውነት ነው። አንዳንዱ ገጽ በሽተኛ ሐኪም የጻፈው ይመስላል። (ሐኪሟ አባላችን ይህን መስመር እንዲወጣ ጠይቃ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ቀርቷል።) ስድብ የተጻፈበትን ገጽ መለጠፍ ይቻላል። ጨርሶ ማንሣት ግን ሌላ ነገር ነው። «ዘመናዊ አሠራር ነው» የሚለውም አልገባንም። ኦንላይን መሆኑን አልጠላንም። ኦንላይኑ ከወረቀቱ ያነሰ ነገር መጠየቁን ነው የጠላነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

መዝገቡ ወደ ቦታው ይመለስ። ያለቁት የቀድሞዎቹ ጥራዞችም አብረው ይውጡ። እርጥበት ባለበት ዕቃ ክፍል እንዳይበላሹ ቶሎ ይደረግ። ስካን ለማድረግ ሰው ካጠራችሁ ከክበባችን ፈቃደኛ እንልካለን። ስማቸውን የጻፉ ሰዎች ስላሉ ግን ስማቸው ተሸፍኖ ይሁን።

የኦንላይኑ ምርጫ ይቀጥል ከተባለ ቅጹ ይስተካከል። ርእስ የሚጻፍበት ባዶ ቦታና «ለምን?» የሚል ቦታ ይኑረው። ስልክ የሌለው በወረቀት፣ ማየት የማይችል በቃል የሚሰጥበት መንገድ ይዘጋጅ። በድምፅም በብሬይልም የተነበበ መጽሐፍ እኩል ይቆጠር።

የተለጠፈው ዝርዝር ይቆይ ካላችሁ ይቆይ። ደረጃው ግን ወጥቶ በፊደል ቅደም ተከተል ይሁን። ማን እንዳዘጋጀው፣ ስንት ሰው እንደመረጠ፣ ምን ዓይነት መጻሕፍት ከመጀመሪያውኑ እንዳልገቡ ከሥሩ ይጻፍ።

መጻሕፍትን የማውጣቱ ሥራ ዛሬውኑ ይቁም። ካርቶኖቹ ከግቢው ሳይወጡ ይከፈቱና በውስጣቸው ያለው በመዝገቡ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ይህን ሥራ አብረናችሁ ለመሥራት ዝግጁ ነን። «አይወጣም» የሚል ማህተም ያለበት መጽሐፍ በውሰት ብዛት ፈጽሞ አይመዘን። ወደፊትም በአዳራሹ ውስጥ የሚነበበው ይቆጠር። ከባድ አይደለም። አንባቢ ያነበበውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይሂድ፤ ሠራተኛው መልሶ ከመደርደሩ በፊት ምልክት ያድርግ። በሌላ ቦታ የተለመደ አሠራር ነው።

በመጨረሻም ከኮሚቴው አባላት ቢያንስ ሁለቱ በሚቀጥለው የክበባችን ስብሰባ ላይ እንዲገኙልን እንጠይቃለን። የ300ውን ርእስ አመራረጥ ከራሳቸው አንደበት መስማት እንፈልጋለን። ሲመጡ የየራሳቸውን ተወዳጅ መጽሐፍና ምክንያቱን ይዘው ይምጡ። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የንባብ ክበቡ ሰብሳቢ
የንባብ ክበቡ ጸሐፊ
የወጣት አንባቢያን ተወካይ
የዓይነ ስውራን አንባቢያን ተወካይ

ግልባጭ፦
ለመጻሕፍት ምርጫ ኮሚቴው
ለውሰት ክፍል ሠራተኞች
ለንባብ አዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ